የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአያታችንን ዕድሜ፣ ስምና ሙያ እንዴት አድርገን እንጻፈው?

ጥያቄ

ይድረስ ለዚህ አምድ አዘጋጅ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሁላችንም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው አያታችን በ2017 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ መካከል ዐርፈዋል። ሙት ዓመታቸው እየቀረበ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁለት ነገር ለማድረግ ተስማምቷል፤ አንደኛው በመቃብራቸው ላይ እብነ በረድ ማኖር ሲሆን ሁለተኛው የሕይወት ታሪካቸውን በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ለዘመድ ወዳጅ ማደል ነው። ነገር ግን ሥራውን ገና ሳንጀምረው ተከራከርንበት።

እማማ የተወለዱት በጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለው ከባለቤታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈሩ። ወንድ አያታችን ይሸምኑ ነበር፤ እማማ ይፈትሉ ነበር፤ ሰባት ልጆች ያሳደጉትም በዚሁ ሙያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለልማት እስከ ፈረሰበት ጊዜ ድረስ በየማለዳው አራዳ ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ እህል አይቀምሱም ነበር። የመጨረሻውን ዓመት ያሳለፉት እናቴ ዘንድ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

የክርክሩ መነሻ ሦስት ነው። መታወቂያቸው የተወለዱበትን ዘመን 1912 ዓ.ም. ስለሚል ታላቅ አጎቴ «በ105 ዓመታቸው ዐረፉ» ተብሎ ይቀረጽ ይላል። እናቴ ግን እማማ «ጣልያን ሲገባ ወንድሜን አዝዬ ወደ ገደል ሸሸን» ይሉ እንደነበር፣ የተዳሩትም «ንጉሡ ከስደት በተመለሱ በሁለተኛው ዓመት» እንደሆነ ታስታውሳለች፤ ራሷ አምስተኛ ልጃቸው ስትሆን የተወለደችው የንጉሡ ልጅ ልዑል መኮንን በሞቱበት ሰሞን ነው፤ የመጨረሻው ልጅ ደግሞ በታኅሣሥ ግርግር ተኩስ መካከል ተወለደ። ሁለተኛ፣ በቀብሩ ዕለት ከሽሮ ሜዳ የመጡ የአገራቸው ሰዎች እኛ ሰምተነው በማናውቀው የጋሞ ስም እየጠሩ አለቀሷቸው፤ የትኛውን ስም እንጻፍ? ሦስተኛ፣ አንድ የአጎቴ ልጅ «ሽመናውንና ፈትሉን ተዉት፣ ስለ ጸሎታቸው ብቻ ጻፉ» ይላል። ከውዳሴ ማርያማቸው ውስጥ በ1973 ዓ.ም. የተሰጣቸው የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ታጥፎ አግኝተናል፤ ይህም ይግባ አይግባ አላወቅንም። ምክርዎን እንሻለን።

ከልደታ፣ አንዲት የልጅ ልጅ

መልስ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የእርሳቸውንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን። ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱን አስቀድሜ በቁርጥ ልመልስ፤ 105 የሚለውን ቁጥር በድንጋዩ ላይ አታስቀርጹት። ይህን የምለው አጎታችሁን ለማሳጣት አይደለም፤ ወላጁን ከቀበረ ሰው አፍ የሚወጣ ቁጥር ከፍቅርና ከክብር እንደሚመነጭ አውቃለሁ። ይሁንና እናንተ በእጃችሁ ያለው የቃል ማስረጃ ከመታወቂያው እጅግ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ደካማውን ማስረጃ በድንጋይ ላይ አጽንታችሁ ጠንካራውን በቃል እንዲጠፋ ብትተዉት በእማማ ላይ በደል ነው።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የእናቴን ታላቅ እኅት በቀበርን ጊዜ እኛም እንዲሁ አድርገናል። መታወቂያቸውን አውጥተን፣ በላዩ የተጻፈውን ዓመት ለድንጋይ ጠራቢው ሰጥተን፣ ሥራው አልቆ መቃብሩ ላይ ከቆመ በኋላ የታናሽ ወንድማቸው የክርስትና ዘመን ከአንድ ሽማግሌ አፍ ተገኘ። ቢሰላ ታላቂቱ ከታናሹ በሁለት ዓመት አንሰው ተገኙ። ድንጋዩ ዛሬም እዚያው አለ፤ ለጸሎት በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ከዚያ ቁጥር ላይ ያርፍና ልቤ ይከፋል። ስሕተቱ የመጣው መታወቂያው ሲሰጥ አክስቴ ዕድሜያቸውን በግምት ስለ ተናገሩና ጸሐፊውም ያንን ከዘመኑ ቀንሶ ስለ ጻፈው ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣና ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ መታወቂያ የወሰዱ አረጋውያን አብዛኞቹ የልደት ወረቀት አይተው አያውቁም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ እማማ ዘጠና ሊሞሉ ጥቂት ቢቀራቸው ነው።

አሁን እናታችሁ የያዙትን ቃል እንመዝነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የደቡቡን አገር ግን በዚያው ወር አልያዘውም፤ ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ሲዋጉ ቆይተው ተይዘው የተገደሉት በየካቲት 1929 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አንዲት የጋሞ ደጋ ልጅ «ጣልያን ሲገባ» ስትል የምትናገረው ስለ ራሷ መንደር እንጂ ስለ ዋና ከተማው አይደለምና፣ ዘመኑ 1928 ወይም 1929 ሊሆን ይችላል። በገጠር ታናሽ ወንድም የሚታዘለው በስንት ዓመት ነው? ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ታዝላለች፤ ከዚያ ያነሰች አትችልም፣ ከዚያ በጣም ያለፈችዋ ደግሞ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ላይ ናት። ይህ ልደታቸውን ከ1919 እስከ 1922 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ያደርገዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለሆነ ሁለተኛው ዓመት 1935 ነው፤ እማማ ሲዳሩ ከ13 እስከ 16 ዓመታቸው ነበር ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በዘመኑ ልማድ የተለመደ የመዳሪያ ዕድሜ ነበር። መታወቂያው እውነት ቢሆን ኖሮ ግን በ23 ዓመታቸው ተዳሩ ልንል ነው፤ ያን ጊዜ የ23 ዓመት ልጃገረድ በአባቷ ቤት መቀመጧ ራሱን የቻለ ወሬ ሆኖ እስከ እናንተ በደረሰ ነበር። ልዑል መኮንን ያረፉት በግንቦት 1949 ዓ.ም. ነው፤ የታኅሣሡ ግርግር የሆነው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ በእናታችሁ ቃል ብንሄድ የመጨረሻውን ልጅ ሲወልዱ ከ31 እስከ 34 ዓመት፣ በመታወቂያው ብንሄድ 41 ዓመት ሊሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ቃል ብቻውን ቢቆም ሊያጠራጥር ይችል ይሆናል፤ አራቱ ግን እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ፣ መታወቂያውን ግን የሚደግፈው ሌላ ነገር የለም።

እንግዲህ እማማ ያረፉት ከ95 እስከ 98 ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። በድንጋዩ ላይ ያረፉበትን ቀን፣ ወርና ዓመት በትክክል አስቀርጹ፤ ልደታቸውን ለመጻፍ የግድ ከፈለጋችሁ «በ1920 ዓ.ም. ገደማ» በሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ስሌቱን ሳይሆን ራሳቸው የተናገሩትን ቃል ጻፉት። ወንድሟን አዝላ ወደ ገደል የምትሸሽ ልጅ ለልጅ ልጅ ልጆቻችሁ ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ በዓይነ ኅሊና ትታያለች። ያ የታዘለው ወንድምስ የት ደረሰ? በሕይወት ካለ ወይም ልጆች ካሉት ሳትውሉ ሳታድሩ ፈልጓቸው።

ወደ ስሙ ልለፍ። እማማ እንደ ብዙ የደቡብ እናቶች ሦስት ስም ነበራቸው፤ አባትና እናታቸው ያወጡላቸው የጋሞ ስም፣ በአዲስ አበባ ጎረቤቱና ቀበሌው የሚያውቀው የአማርኛ ስም፣ እንዲሁም የንስሐ አባታቸው በጸሎት የሚያነሡት የክርስትና ስም። ስማቸውን የለወጡት ሁሉ ተገደው ነው አልልም፤ ወድደው የተቀበሉ፣ ከክርስትና ጋር እንደ አዲስ ልብስ የለበሱት ብዙ ናቸው። ሆኖም ከአገር ቤት የመጣ ሰው ለአሠሪው፣ ለአከራዩና ለጸሐፊው ምላስ የሚቀል ስም ይዞ መገኘት የነበረበት ዘመን እንደነበረ መካድ አይገባም። የአገራቸው ሰዎች በዚያ ስም ማልቀሳቸው የሚያመለክተው እማማ ከሰባ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ኖረው ሳለ ስሙ በዚያ ማኅበር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተረሳ ነው። እናንተ የልጅ ልጆች አለመስማታችሁ ሊያሳዝናችሁ ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የእናንተ አይደለም።

በድንጋዩ ላይ የሚታወቁበት የአማርኛ ስም ይቅደም፣ የክርስትና ስማቸው ይከተል፤ የጋሞ ስማቸውም ከሁለቱ ቀጥሎ በግልጽ ይጻፍ። መጽሐፉ ደግሞ በጋሞ ስማቸው ይጀምር። ሕፃኗ በዚያ ስም ነበርና የተጠራችው፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ የአዲስ አበባውን ስም ብታስገቡ በዚያ መንደር ውስጥ ያልነበረች ሴት ትፈጥራላችሁ። ከዚህ በፊት ግን ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ በቀብሩ ያለቀሱትን እናቶች የስሙን ትርጉም፣ አጠራሩንና ማን እንዳወጣው ጠይቁ። ጋሞኛ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ በግእዝ ፊደል ስትጽፉት ድምፁ እንዳይበላሽ ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው አስነብቡት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በደብዳቤያችሁ ባይገለጽም፣ የእንዲህ ያሉ እናቶች ታሪክ ሲጻፍ «አዲስ አበባ መጥተው ክርስትናን አወቁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይጣራ ይገባል። በጋሞ ምድር ጥንታዊቷ የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ክርስትና ለዚያ ደጋ እንግዳ አይደለም። እማማ የት እንደተጠመቁ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከታላላቅ ዘመዶች ሳታረጋግጡ ምንም አትጻፉ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ደርሻለሁ። የአጎታችሁ ልጅ ሽመናው ይቅር ያለበትን ምክንያት እገምታለሁ። ባለ እጅ የሚናቅበት፣ ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም በሙያቸው የሚሰደቡበት ዘመን ነበር፤ በእናንተም አያት ፊት ይህ ስድብ በልጅነታችሁ ተነግሮ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ ገና በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው፤ ከዚያም በኋላ በአንድ ቀን አልጠፋም። እንግዲህ አያታችሁን ከስድብ ለማዳን ሙያቸውን ብትደብቁ ለተሳዳቢው መፍረዳችሁ ነው። የጋሞና የዶርዜ ሸማኔዎች ከደጋቸው ወርደው በዚህ ከተማ መደወሪያና መወርወሪያ ባያቆሙ ኖሮ በአራዳ ጊዮርጊስ ቅጽር እሑድ ማለዳ ነጭ ለብሶ የሚቆመው ሕዝብ ምን ይለብስ ነበር? እማማ በየማለዳው ሲሳለሙ ግራና ቀኝ ከቆሙት ሴቶች መካከል የስንቷ ነጠላ ማግ በእርሳቸው እንዝርት ተፈትሎ ይሆን? ይህን መጽሐፉ ውስጥ ካላስገባችሁት ከሕይወታቸው ግማሹ ይቀራል።

ደግሞም ጸሎታቸውና ፈትላቸው የማይነጣጠሉ ናቸው። በየሕይወት ታሪኩ «እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» የሚል አንብባችኋል፤ ውሸት አይደለም፣ ነገር ግን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከአንዷ እናት መጽሐፍ አውጥቶ በሌላዋ ውስጥ ቢያስገቡት ማንም አያውቀውም። በዚህ ፈንታ እናታችሁንና አክስቶቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ እንዝርቱ የማይነሣው በየትኛው ቀን ነበር? በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ23 ለጊዮርጊስ ጥጡ ተሸፍኖ ይውል ነበር? ባለጉዳይ «ሸማው ለሠርግ ይደርስ» ብሎ ሲያጣድፍ በዓሉን ለማክበር ሲሉ ስንት ጊዜ ገንዘብ ቀረባቸው? ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ሲፈትሉ ከንፈራቸው ምን ይል ነበር? ጾሙን በምን ይገድፉ ነበር፣ በእንጀራ ነው ወይስ እንደ አገራቸው በቆጮ? በእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚገኘው መልስ የእርሳቸው ብቻ ነው፤ ለሌላ እናት ሊውል አይችልም።

የምስክር ወረቀቱን በሚመለከት፣ ይግባ አይግባ ብላችሁ መጠራጠራችሁ አስገርሞኛል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። በ1973 ዓ.ም. እማማ ዕድሜያቸው ከ51 በታች ሊሆን አይችልም፤ ሰባት ልጅ ወልደዋል፤ ቀን ሲፈትሉ ውለው ማታ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ኩራዝ ወይም አምፖል ሥር ተቀምጠው «ሀ ሁ» ብለዋል። ከዚያ በፊት ውዳሴ ማርያምን የሚያውቁት በቃላቸው ነበር፤ ከቄስ ጥላ ሥር ቆመው እየሰሙ የያዙት ነው። ወረቀቱን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አጥፈው ማስቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ማንበብ የተማሩት ለዚያ ነበርና፣ ማስረጃውን ያኖሩት በሚገባው ቦታ ነው። መጽሐፉን እስቲ ገልጣችሁ እዩት። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የእናቴ መጽሐፍ የቅዳሜው ክፍል ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበት ሁለት ቅጠል ተጣብቆ ነበር፤ የገጾቹ የታች ጥግ ደግሞ በአውራ ጣት ብዛት ጠቁሮ ወረቀቱ እንደ ጨርቅ ለስልሶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ገጹን በስልካችሁ አንሥታችሁ በመጽሐፉ ውስጥ አትሙት። ስቱዲዮ ገብተው ከተነሡት ፎቶግራፍ ይልቅ እንዝርት ይዘው ወይም ቡና ሲያፈሉ የተነሡት ካለም እርሱን ምረጡ።

ለዚህ ሁሉ ጊዜው አጭር ነው። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ የእማማ ጎረቤቶች በልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ተበትነዋል፤ ቀድሞ በአንድ ጠዋት በር ለበር የሚጠየቅ ነገር ዛሬ በሦስት አቅጣጫ ታክሲ ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት የእድራቸውን ጸሐፊ ፈልጉ። የእድር መዝገብ የገቡበትን ዓመት፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ በእያንዳንዱ ኀዘን ማን እንደደረሰና ማን እንደታመመ ይዞ ይገኛል፤ ሰፈር ሲፈርስ እንዲህ ያለ መዝገብ በአንድ ሰው አልጋ ሥር ይቀርና አይጥ ይበላዋል። የጽዋ ማኅበራቸውንም እናቶች አትርሱ። ድምፃቸውን በስልክ ቅዱት፤ መጽሐፉ ከታተመ በኋላም አታጥፉት።

ጥያቄ

የእኛም ጉዳይ ተመሳሳይ ሳይሆን አይቀርም። ወላጅ እናቴ በወላይታ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወንጌልን ተቀብለው፣ ዕድሜ ልካቸውን በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ያመለኩ ሲሆን በቅርቡ በእርጅና ወደ ጌታ ተሰብስበዋል። ከልጆቻቸው መካከል እኔና እኅቴ በእርሳቸው መንገድ ነን፤ ታላቅ ወንድማችን ግን በጋብቻው ምክንያት ኦርቶዶክሳዊ ሆኗል፤ «ያለ ተዝካር እናቴን እንዴት ዝም ብዬ እሸኛለሁ?» እያለ ያዝናል። በመካከላችን ቅያሜ እንዳይገባ ምን እናድርግ?

ከሜክሲኮ አካባቢ

መልስ

የወንድማችሁን ኀዘን እንደ ተቃውሞ አትቁጠሩት። እርሱ በሚኖርባት ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው በሠልስቱ፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ መታሰቢያ ይደረጋል፤ እነዚያ ቀኖች ባዶ ሆነው ሲያልፉ እናቱን የጣላቸው ይመስለዋል። በሌላ በኩል እናታችሁ በሕይወታቸው ሳሉ ያልተቀበሉትን ሥርዓት በስማቸው ማድረግ እምነታቸውን ማክበር አይሆንም። የሃይማኖቱን ጉዳይ እርሱ ከንስሐ አባቱ፣ እናንተም ከመጋቢያችሁ ጋር ተመካከሩበት፤ እኔ ልናገር የምችለው ስለ ቤተሰቡ ነው። የመታሰቢያና የምስጋና ፕሮግራም ስታደርጉ ቀኑን ከእርሱ ጋር ተነጋግራችሁ በአርባው ቀን አድርጉት፤ ለእናንተ አርባኛው ቀን ከሌላው ቀን የተለየ ትርጉም ባይኖረውም ለእርሱ አለው። ለድሆች የሚሰጠውን ምሳ እርሱ ያዘጋጅ፤ እናታችሁን በማሰብ ችግረኛን ማብላት በሁለታችሁም ዘንድ የተወደደ ነው። የሕይወት ታሪካቸውንም ለጉባኤው የሚያነበው እርሱ ይሁን፤ የበኩር ልጅ ነውና ይገባዋል።

ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ልጨምር። እናታችሁ በየትኛው ዘመን እንዳመኑ አጣርታችሁ ጻፉ። የውጭ አገር ሚስዮናውያኑ በጣልያን ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነው። በእነዚያ ዓመታት ወንጌሉን ከመንደር ወደ መንደር ያደረሱት፣ የታሰሩትና የተገረፉት የአገሬው ሰዎች ናቸው። የእናታችሁ ወላጆች በዚያ ትውልድ ውስጥ ከነበሩ ማን እንዳስተማራቸው፣ በማን ቤት እንደተሰበሰቡ፣ መዝሙሩን በወላይትኛ እንዴት እንደያዙት የሚያውቅ አረጋዊ ዛሬም ሶዶ ወይም በዙሪያዋ ሊገኝ ይችላል። ወንድማችሁንም ይዛችሁት ሂዱ፤ ያ አገር የእርሱም ነው።

ጥያቄ

ከላይ ስለ እማማ ከልደታ የጻፈችው የልጅ ልጅ ታናሽ እኅቷ ነኝ። እርሷ ሳትጽፈው የቀረ ነገር አለ። እማማ ካረፉ በኋላ ከአልጋቸው አጠገብ ከነበረው ሙዳይ ውስጥ ተፈትለው ያላለቁ ሰባት ልቃቂቶች አገኘን። እናቴ በፌስታል አስራ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች፤ ዓይኗ እንባ ስለሚሞላ አታወጣቸውም። ምን ብናደርጋቸው ይሻላል?

መልስ

ከሁሉ አስቀድሞ ዛሬውኑ ከፌስታሉ አውጧቸው። ጥጥ በፌስታል ሲታፈን እርጥበት ይይዛል፣ ይበልዛል፣ ፈትሉም ይደክማል፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ሙዳያቸው መልሷቸው፤ በዝናብ ወራት ደግሞ አልፎ አልፎ አውጥታችሁ ነፋስ አስመቷቸው። እናታችሁን አታጣድፏቸው።

ከዚያ በኋላ ሽሮ ሜዳ ስለ ስሙ ለመጠየቅ በምትሄዱበት ቀን አብራችሁ ውሰዷቸው። ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርግና ማጉን በእጅ ፈትል ይሸምነዋል፤ የእማማም ፈትል የሚሆነው ለማግ ነው። ልቃቂቶቹ ለአንድ ነጠላ ይበቁ አይበቁ ሸማኔው በእጁ ይዞ ይነግራችኋል። ባይበቁ ለሕፃን የሚሆን ትንሽ ኩታ ይወጣቸዋል፤ ከገበያ በተገዛ ፈትል እንዳይሟላ ግን ከወዲሁ ንገሩት፤ የእያንዳንዷ ፈታይ እጅ ውፍረቱና ጥምዘቱ የተለያየ ስለሆነ በሸማው ላይ መሥመር ሆኖ ይታያል። ጥለት ቢኖረው ጥበበኛው እንደ ጨንቻ ሰው የሚያውቀውን ይምረጥላችሁ። ፈትሉ ማጉ ወደሚጠቀለልበት ቀሰም ሲደወር ግን እናታችሁ እዚያ ቢገኙ መልካም ነው፤ በልጅነታቸው እማማ ሲፈትሉ እርሳቸው ለአባታቸው ሳያደውሩ አልቀሩምና፣ ሸማኔው ከፈቀደ የመጀመሪያውን ቀሰም እርሳቸው ያድውሩት።